በሁዳዴ ወፈርኩ

ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ የሚያኮራ ነገር የለውም። እንዲያውም ሳስበው እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል።

ድሬዳዋ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ወገብ በሜትር እየለካሁ እንጀራዬን እበላለሁ፤ አንዲት ሴት በሬ ላይ ስትቆም ገና ሳትገባ የዳሌዋን ልክ እገምታለሁ። የራሴን ግን ለክቼ አላውቅም ነበር። ቀሚሴ ሲጠበኝ "ጨርቁ ታጥቦ ገባ" እልና ጎኑን ፈትቼ አሰፋዋለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ። በሦስተኛው የሚለቀቅ ትርፍ አልነበረውም፤ ከሌላ ጨርቅ ቆርጬ ብብቱ ሥር ቀጠልኩበት።

ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ራሴን እያዞረኝ፣ ሽንት እያመላለሰኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጣቴን ወግታ ደሜን አየች፤ ሚዛን ላይም አወጣችኝ። ስኳሩ ደጃፌ ላይ ቆሟል፤ ክብደቴን ካልቀነስኩ ይገባል አለችኝ።

"ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?" አለችኝ።

አለ። እናቴ ጋይንት ናት፤ ደብረ ታቦር ሄዳ ከግራ እግሯ ሁለት ጣት ተቆርጦባታል። ሰው ሲመጣ እግሯን በጋቢዋ ጫፍ ትሸፍነዋለች። ቁስሉን አጥቤላት አውቃለሁ፤ ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም። እኔም እንደዚያ እሆናለሁ ብዬ ስፈራ ኖሬያለሁ።

"እንግዲያው እህቴ፣ እያስተዋልሽ ብዪ" አለች ነርሷ። "ስልክ እያየሽ፣ ሥራ እየሠራሽ አትብዪ። የምትጎርሽውን እዪው፣ በደንብ አላምጪው። ጠገብኩ ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።"

በሆዴ ሳቅሁባት። ረቡዕና ዓርብ ለማልሽር፣ በጾም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ ለማልቀምስ ሴት አበላል ልታስተምር!

"ሁዳዴ እየገባ ነው፤ ጾሙ ራሱ ያረግፈዋል" አልኳት።

"እሺ፣ ለሆሳዕና ሰሞን ነይና እንየዋ" አለች።

ጾምኩ። ጾምኩ ነው የምለው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ዓይኔ ከግድግዳው ሰዓት አይነቀልም ነበር። ሜትሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የደንበኛ ወገብ ይዤ፣ ልቤ ማዶ ያለችው ሴት ዘይት ውስጥ የምትጨምረው ሳምቡሳ ዘንድ ነው። ዘጠኝ ሲሞላ አማትቤ ሳልጨርስ እጄ ሳህኑ ውስጥ ይገባል። ሳምቡሳው፣ ዘይት የጠጣ ሩዙ፣ በዳቦ የተጠቀለለ ድንቹ፣ ከዚያ ቴምሩ። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ ታዲያ ምን ከለከለኝ? ሥራ እንዳይፈታ የምበላው ስፌት መኪናው ላይ ነው። ስልኬ ላይ ስብከት ከፍቼ ከፊቴ አስቀምጣለሁ። ሰባኪው ስለ ጾም ያስተምራል፤ እኔ እሱን እየሰማሁ፣ "እውነት ነው" እያልኩ ራሴን እየነቀነቅሁ እውጣለሁ። ሲያልቅ ሳህኑ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ሌላ ሰው የበላው ይመስል።

በዚያው ሰሞን ስለት ነበረብኝ። የእናቴ ቁስል ከደረቀ ለተወለድኩባት አጥቢያ ካህን ካባ ሰፍቼ ለትንሣኤ አመጣለሁ ብዬ ተስዬ፣ ቁስሉ ደርቆላት ነበር። ነጭ ሳቲን ገዛሁ፣ ወርቃማ የጥልፍ ክር ገዛሁ። ካባው ተሰፍቶ ሊያልቅ ሲል ወደ ብርሃን ይዤ ዘረጋሁት።

በቀኝ ጎኑ ላይ አምስት ጣት። ዘይት። አውራ ጣቱ ቁልጭ ብሎ፣ መስመሩ ሳይቀር ይታያል።

በመጀመሪያ የመጣልኝ "የማን እጅ ነው?" የሚል ነው። ሱቄ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ጣቴን ከምልክቱ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ልኩ የእኔው ነው። ምን በልቼ፣ በየትኛው ቀን እንደነካሁት ባስብ ባስብ አንድም ነገር አልታወሰኝም። ያኔ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳብኩት። ከክሩ ጋር የተጠማዘዘ የሳምቡሳ ፍርፋሪ፣ የተላሰ የቴምር ፍሬ አንድ እፍኝ፣ በላዩ የሚርመሰመስ ጉንዳን። ከጥግ ደግሞ ግማሹ ተገምጦ የተረሳ ድንች ሻግቶ ጸጉር አብቅሏል። የጥርሴ ምልክት አለበት። አፌን በነጠላዬ ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሚዛኑን አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ እንደገና ሚዛኑን አየች። ጨምሬያለሁ።

"እህቴ፣ ጾምሽ ወይስ ደገስሽ?"

ከሚዛኑ ወርጄ ጫማዬን አጠለቅሁ። "ከፋሲካ በኋላ አንድ ጊዜ አይሻለሁ፤ በዚያው ከቀጠለ መድኃኒት ነው" አለችኝ።

የካባውን ዘይት በሳሙና አሸሁት፣ በአመድ ሞከርኩት፤ ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ጊዜ አልነበረኝም። በወርቃማው ክር መስቀል ጠልፌ ሸፈንኩበት። ነውሬን በመስቀል ሸፈንኩ። ስጽፈው እጄን መታጠብ ያሰኘኛል።

ለቅዳሜ ሹር አገሬ ደረስኩ። ከንፋስ መውጫ በባጃጅ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ስጨርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር። እናቴ ከደጅ እያነከሰች ወጣችና ክንዴን በሁለት እጇ ጨመቀችው።

"እሰይ! እሰይ ልጄ! ወፈርሽልኝ! አገሩ ተስማማሽ!"

ጎረቤታችንም ከአጥሩ ማዶ፣ "የኛዎቹማ ከተማ ገብተው ከስተው ነው የሚመጡ። ይችስ እመቤት ሆነች!" አለች።

ሲያመሰግኑኝ ሥጋዬ ከላዬ ላይ ተነሥቶ እንዲሄድልኝ ተመኘሁ።

የአጥቢያችን ካህን የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ ኋላም አስተምረው ያረጁ። ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ካባውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጎኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይኼ መስቀል እዚህ ምን ያደርጋል? ቦታው አይደለም።"

ለጌጥ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። በቅዳሜ ሹር ለካህን ልዋሽ! ነገርኳቸው።

"ምን በልተሽ ነበር?" አሉኝ።

"አላስታውስም፣ የኔታ።"

"መቸ ነው?"

"እሱንም አላስታውስም።"

ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን የታመመ ከብት እንደሚያይ ሰው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "የበላሽውን ካላወቅሽ የጾምሽውን በምን አወቅሽ?"

"ስግደት ይጨምሩልኝ" አልኩ።

"አልጨምርም። ጾምም አልጨምርልሽም፤ ያለውንም በልተሽዋል" አሉ፤ ጢማቸው ውስጥ ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ካባውን አጥፈው መልሰው እቅፌ ላይ አስቀመጡት። "ውሰጅው። ፍችው፣ የጎኑን ጨርቅ ለውጭው፣ ለጰራቅሊጦስ ላኪልኝ። አንችም የጎረስሽው ሳይወርድ እጅሽን ወደ ማዕዱ አትመልሽ። ሌላ ቀኖና የለኝም።"

የነርሷ ቃል ነበር። አንዲት ልጅ ነጭ ጋውን ለብሳ ስትነግረኝ የናቅሁት።

በፋሲካ ጠዋት መሶቡ ቀረበ። ጎረቤታችንም መጥታ አጠገባችን ተቀምጣለች። እናቴ ዶሮውን ከእንቁላሉ ጋር ጠቅልላ የጡጫ ያህል አጎረሰችኝ። አላመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ውስጥ ያለውን ልብ አልኩት። የእንቁላሉ አስኳል ምላሴ ላይ እንደ ጭቃ ተለጠፈ፤ ቅቤው በድዴ ዙሪያ ይዞራል፤ ቆዳው ከጥርሴ እየሸሸ ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን ነገር ነው ስንት ዓመት ሳላየው ስወረውር የኖርኩት። ገና ሳልውጥ የእናቴ እጅ ሁለተኛውን ጠቅልሎ ከንፈሬ ላይ ደረሰ።

የእጇን አንጓ ያዝኩት። "ቆይ እማዬ፣ አልዋጥኩም።"

"በሞቴ!"

"ቆይ በናትሽ።"

"አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ እናትሽን ልትጣያት ነው?" አለች ጎረቤታችን። "ወይስ ድሬዎች እንዲህ እያመነዠኩ ነው የሚበሉ?"

እናቴ አልሳቀችም። ፊቷ ተለወጠ። "ከእጄ ተጸየፍሽ? እግሬን አይተሽ ነው?"

እንደ ምንም ብዬ ዋጥኩና "አንችን አይደለም የተጸየፍኩት። ራሴን ነው" አልኳት። "ስኳሩ እኔም ደጃፍ ደርሷል፣ እማዬ። አሁን ካላቆምኩት እንደ አንች ነው የምሆነው።"

በጋቢው ሥር የእናቴ እግር ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ አየሁት። ጉርሻው አሁንም በእጇ ነው፤ ቀዩ ቅቤ በመዳፏ በኩል ወደ አንጓዋ፣ እኔ ወደያዝኩበት ጣቴ እየወረደ ነበር። ጉርሻውን እንጀራው ላይ መልሳ አስቀመጠች። በጣቷ ለሁለት ከፈለችው፤ አየችውና ግማሹን እንደገና ለሁለት ከፈለችው። ያችን ትንሿን አንሥታ አፌ ውስጥ አደረገችና እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ አፍ አፌን ማየት ጀመረች።

"በይ" አለች፣ "ስትውጭ ንገሪኝ።"