ባዶውን የማይመለስ ሲዲ

አሰላ ላይ ካፊያ ሲጥል የአክመል ጌም ቤት ውስጥ ተጠልዬ ነበር። አንዲት እናት ገቡ። ነጠላቸው ላይ የወንድ ካፖርት ደርበዋል፤ እግራቸው ላይ የሯጭ ጫማ አለ። በሻሽ የጠቀለሉትን የድሮ የፕሌይስቴሽን ሲዲ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የሲዲውን ሳጥን ለብቻው ለአክመል ሰጡት። አክመል ሲከፍተው የገብስ ቆሎ ሞልቶበታል።

«የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም» አሉኝ መገረሜን አይተው። ወደ አክመል ዞሩና፣ «የመኪናውን ጨርሼዋለሁ። አሁን ኳሱን ስጠኝ» አሉት።

አክመል ሳቀ። «እማማ፣ ሁሉንም በፍላሽ ልጫንልዎትና ቤትዎ ቁጭ ብለው ይጫወቱ። በዚህ ዝናብ ከሲሬ ድረስ ለምን ይለፋሉ?»

ፍላሹን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ይቺ ቆሎ አትይዝም» አሉ። ቀስ ብለው ደግሞ፣ «ሁሉንም አንዴ ከወሰድኩማ፣ ሌላ ቀን ምን ብዬ ልመጣ ነው?» አሉ።

አክመል ፍላሹን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ወንበር ሳበላቸው። የኳሱን ሲዲ ከፍቶ አንድ ጨዋታ ገጠማቸው፤ ቆሎው መሀላቸው ተቀመጠ። ዝናቡ ካባራ በኋላም ጆይስቲኩን አልለቀቁም።