ከበሩ ማዶ ያለ ሳል

በአንዶንግ ከተማ ሆስፒታል ከኦክቡን ባል ትይዩ የተኙት ሽማግሌ ጠያቂ የላቸውም። የበሽተኛ ልብሳቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ በከዘራ እያነከሱ ኮሪደሩን ይመላለሱበታል። ወደ ክፍሉ ሊገቡ ሲሉ ግን ደጅ ላይ ቆም ይሉና ያስላሉ። ሁለቴ፣ ጎላ አድርገው።

ኦክቡንን ሳሉ ያንገሸግሻታል። ባሏ እንደማይተርፍ ሐኪሙ ነግሯታል፤ ባሏ ራሱ ግን ይህን አያውቅም። እንቅልፍ ሲወስደው እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ ያኔ ሳሉ ይመጣል። ደንግጣ ዓይኗን ትጠርጋለች።

"እኚህ ሰውዬ ሳንባቸው ነው እንዴ? ለበሽተኛ እንኳ አያዝኑም!" አለቻት ነርሷን።

"ኧረ እናቴ፣ የገቡት ለእግራቸው ነው። ሳንባቸው ከኔ ይሻላል።"

ኦክቡን ክው አለች። ሟቹ አማቷም ሴቶቹ ወዳሉበት ጓዳ ከመግባታቸው በፊት እንዲሁ ያስሉ ነበር፣ ውስጥ ያለው ሰው ራሱን እንዲሰበስብ።

በምሳ ሰዓት ለሽማግሌው የሩዝ ገንፎ አቀበለቻቸውና "አባባ፣ የሚያስሉት ለኔ ብለው ነው?" አለቻቸው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "አንድ ጊዜ ሳላስል ገባሁ። ሚስቴ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲያ እኔ ባለሁበት አልቅሳ አታውቅም፤ እስክትሞት ድረስ ሳቀችልኝ።"

ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ባሏ ተኝቷል። ኦክቡን ሳሉን በሰቀቀን እየጠበቀች አለቀሰች። ሳሉ አልመጣም። ገርበብ ባለው በር የከዘራው ጫፍ ይታያል፤ ንቅንቅ አላለም።

ሲወጣላት ፊቷን ጠረገች። ከዚያ እሷው ሁለቴ፣ ጎላ አድርጋ አሳለች።