ዝናብ የሚጠብቁ ሴሎች

ዛሬም ሰማዩ በካራማራ በኩል ሲጠቁር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ሐርተሼክ ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። እኔን «አባዮ» ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ እኔም «ወላሎ» እለዋለሁ፣ ወንድሜ እንደማለት። ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ጠባብ ላብራቶሪ ተጋርተን የፀሐይ ሴል እንሠራ ነበር። ያኔ ስማረር ነው የከረምኩት፤ አሁን ግን እነዚያ ዓመታት ይናፍቁኛል።

ሴሎቹ ፔሮቭስካይት ከሚባል ነገር ነው የሚሠሩት። ብርሃን ሲያገኙ አያሳፍሩም፤ እርጥበት ግን አይችሉም። ጥቁር የነበረው ሴል እርጥበት ሲነካው ቢጫ ይሆንና ያበቃለታል። እኔ «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። የእሱ የማስተርስ ጥናት በሙሉ ይህን ለማስቆም ነበር። ከሴሉ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ስስ ንጣፍ ከፖሊመር፣ ከፕላስቲክ መሰል ነገር፣ ይሠራዋል፤ ያው ንጣፍ እርጥበቱንም እንዲያግድለት ማለት ነው። ፖሊመሩን የምንቀባው ሴሉ የሚሠራበትን መስታወት በሚያሽከረክር ማሽን ስለሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው መሃል ላይ ይበላሻል። እሱ በሱማሌኛ ይራገማል፣ እኔ እስቃለሁ፣ እንደገና እንጀምራለን።

የቀረው እውነተኛ ዝናብ ነበር። ፖሊመር የለበሰ ሴልና ያልለበሰ ሴል ጎን ለጎን ጣሪያው ላይ አሰረና መጠበቅ ጀመርን። ዝናቡ ቀረ። ቀጣዩም ወቅት ቀረ። ሐርተሼክ ያሉት የእናቱ ከብቶች አንድ በአንድ ያልቁ ጀመር፤ ስልክ ባወሩ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን የከተማው ሰው ሜዳ ወጥቶ የዝናብ ሶላት ሲሰግድ እሱም ሄደ፤ በሥርዓቱ መሠረት ኩታውን ገልብጦ እንደለበሰ ወደ ሥራ ተመለሰ።

«ለሴሎቹ ነው ወይስ ለላሞቹ የለመንከው?» አልኩት።

«አላህ ይለየዋል፣ አባዮ።»

እኔም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ያንኑ ለመንኩ። ለየትኛው እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ነጎድጓዱን ስንሰማ ሁለታችንም እንደ ሕፃን እየጮህን ወደ ግቢ ወጣን። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር የሰፈሩ ሴቶች ጄሪካን ይዘው ሮጠው ገቡ፤ አሸንዳው ሥር ተሰለፉ። ያን ጊዜ እሱ ጩኸቱን አቆመ። ፔሮቭስካይት ውስጥ እርሳስ የሚባል ብረት አለ፣ መርዝ ነው፤ ሴሉ ሲርስ ከውሃው ጋር ወደ አሸንዳው ይወርዳል። ሴሎቹን ሲያስቀምጥ አሸንዳው ደረቅ ነበር፤ ከዚያ ውሃ እቀዳለሁ የሚል ሰውም አልነበረም።

መሰላሉን አቁሞ ሲወጣ «ወላሎ፣ ተው! ይኼን ያህል ጠብቀህ!» አልኩት። ሴሎቹን ፈትቶ፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተና ወረደ። ከዚያ ከሰልፉ ፊት የነበረውን ጄሪካን አንስቶ ውሃውን መሬት ላይ ደፋው።

ጄሪካኑ የጎረቤታችን ነበር፤ ወተት የሚሸጡልን እናት ናቸው። በዚያ ድርቅ ውሃ ሲደፋ ማየት! የስድቡን መዓት አወረዱበት። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ «ኤዶ፣ ይቅር በሉኝ» አላቸው፣ አክስቴ እንደማለት ነው። «መርዝ ያለበት ነገር እኔ ነኝ እላይ ያስቀመጥኩት። ጣሪያው በደንብ ይታጠብ፣ ከዚያ ትቀዳላችሁ።» ሴትዮዋም ሌሎቹን ሴቶች ወደ ኋላ መለሷቸው፤ ሁሉም ዝናቡ ውስጥ ቆመው ውሃው ሲፈስ ያዩ ጀመር።

ጥናቱ እንደተበላሸ አውቃለሁ። ያን ያህል የጠበቅነው ዝናብ ሴሎቹን የነካቸው ለቅጽበት ነው፤ መመረቂያውም ሌላ ዓመት ይገፋል። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ቢሆንም አላስቻለኝም፤ ፖሊመር የለበሰው ጥቁር እንደሆነ ይሁን፣ ቢጫ መሆን ጀምሮ ይሁን ለማየት ሸሚዙ ወዳበጠበት እጄን ሰደድኩ።

እሱ ጣሪያው ታጥቦ እስኪያበቃ ጠብቆ፣ የሴትዮዋን ጄሪካን አሸንዳው ሥር መልሶ እያስቀመጠ ነበር። እጄን ገፋ አደረገው።

«እሱን ተይው፣ አባዮ። ነይ፣ ይኼን ያዥልኝ፤ እየሞላ ነው።»