ያልተመታው ደወል

ፈታሽ ሆኜ በገባሁ ለት፣ ላሊበላ ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ቆሜ፣ አንዲት መነኩሲት ልፈትሽ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። መንካቱ ነውር መሰለኝ። ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ ለልጄ ጉሮሮ ብዬ ነው የገባሁ።

አለቃችን ደርበው ያኔ የወረዳው ጸጥታ ሠራተኛ ነው፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ። የቅኔ ቤት ልጅ ነበርና ቀሳውስቱ ይወዱታል። ጠራኝና፣ "እታለም፣ በገና ለመጣ እንግዳ ምን ታደርጊያለሽ?" አለኝ።

"እግር አጥባለሁ።"

"እንግዲያ እጠቢ። ሰላም በይ፣ አስቀምጪ፣ እግር እጠቢ። የያዙትን ራሳቸው ይነግሩሻል። እጅሽ ኋላ ይግባ።"

ከዚያ ወዲህ ሴት ተሳላሚዎችን እንዲህ ተቀበልን። የባሏን ሽጉጥ በቀሚሷ የደበቀች ነበረች። እግሯን ሳጥባት አውጥታ ሰጠችኝ፣ "እሱ እንዳይሰማ" ብላ።

ደርበው ዞን ገባ፤ ከዚያ አዲስ አበባ። የአገር ደህንነት ከፍተኛ ሹም ሆነ። ስለ ሥራው አያወራም፣ እኛም አንጠይቅም። አንድ ቀን በስልክ አንቱ ብዬ ባነጋግረው፣ "ደግሞ ማንን ነው?" ብሎ ተቆጣኝ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ለገና መጣ። አጃቢዎቹን አስከትሎ እኛን ሊያይ ከበራችን ቆመ። እኔ ከኩልመስክ በኩል የመጡ የአንዲት እማሆይን እግር ይዣለሁ። እቅፋቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አለ።

"ያስቀምጡት እማሆይ፣ ይከብድዎታል።"

"ስለት መሬት ይነካል እንዴ?" አሉኝ። "የደብራችን ደወል በጦርነቱ ጠፋ። ይኸን ከማሳ አገኘሁት። አስባርኬ ላሰቅለው ነው።"

ነጠላውን ገለጡት። የመድፍ ባዶ ቀለህ ለደወል ሲሰቀል አይቻለሁ። ይኸ ግን ከነሹል ጫፉ ነው፣ ያልፈነዳ። ልጄ ይታይሽ ደግሞ ጀሪካን ተሸክማ ወደ እኛ ትመጣለች።

እማሆይ ባለብረቱን ምርኩዛቸውን አነሱ። "ድምፁ ተራራ ያሻግራል። ልምታልሽ?"

"የለም እማሆይ፣" አለ ደርበው ከኋላዬ፣ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ። "ደወል ሳይባረክ ይመታል?"

ምርኩዙን አወረዱት። "እውነትህን ነው ልጄ። እኔም መንገዱን ሙሉ ታግሼ ነው።"

ወደ ልጄ ዞረ። "ይታይሽ፣ ውሃው ይቆይ። ነአኩቶ ለአብ ሄደሽ ጸበል አምጪልኝ።"

"እዚህ ጸበል ጠፋ?"

"የዚያው አማረኝ።"

መንገዱ ሩቅ ነውና እያጉረመረመች ሄደች። እኔ ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩ።

አጃቢዎቹ ሰዉን ቀስ ብለው አራቁት። "ሂጂ አንቺም" አለኝ ደርበው፤ እማሆይ ግን ትከሻዬን ይዘውታል። አልተነሳሁም። እሱም ክንዱን የያዘውን አጃቢ አስለቅቆ ከጎናችን ተንበረከከ። ፈንጂ የሚያመክን ወታደር ተጠርቶ እስኪደርስ ስለ ደብራቸው እያጫወተ አቆያቸው።

ወታደሩ ከእቅፋቸው ሲቀበላቸው፣ "መሬት እንዳታስነካው!" አሉት።

"አላስነካም እናቴ" አለ፣ ላብ አጥምቆት።

ርቆ ሲወሰድ ደርበው እውነቱን ነገራቸው። አማተቡና "ታዲያ ደወሌስ?" አሉት። በኋላ ከአዲስ አበባ ደወል ላከላቸው። በዓመቱ ሲመጡ፣ "ደህና ነው፤ ብረቱ ግን የያኛው ይበልጥ ነበር" አሉኝ።

ይታይሽ ጸበሉን ይዛ ተመለሰች። ደርበው ተቀብሏት ጠጣ። የተረፈውን ለእኔ ሰጠኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቷል። እኔ ዛሬም ልጄ ከደጅ ስትወጣ እፈራለሁ። የእሱን ስም ሳልጠራ ግን ጸሎቴን አልዘጋም።

ለአዲሶቹ ፈታሾች የምለው እሱ ያለኝን ነው፤ ሰላም በሉ፣ አስቀምጡ፣ እግር እጠቡ፣ እጃችሁ ኋላ ይግባ። የፈራ ሰው የያዘውን አይናገርም።