የታክሲ ተራው ዙሪያ

አጎቴ ጀሞ ታክሲ ተራ ሲደርሱ መሀል ለመሀል አቋርጠው አያውቁም። ሰው ሁሉ ሜዳውን ቀጥ ብሎ ሲያልፍ፣ እሳቸው አጥሩን ጥግ ጥግ ይዘው፣ በድንች ጥብስ ሻጮቹ ጀርባ ዞረው፣ በወዲያኛው ጫፍ ብቅ ይላሉ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ ሁልጊዜ እነጫነጫለሁ። ሚኒባሶቹን የሚፈሩ ይመስለኝ ነበር።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በእኛ ቤት የአባት ወንድም በኦሮምኛ አቤራ ነው የሚባለው፤ እኔም ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። አባቴ የሞተው የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያኔ ጀሞ ገና እርሻ ነበር። እናቴ ብዙም ሳትቆይ ይዛኝ ጎፋ ዘመዶቿ ጋ ገባች። ወደ ጀሞ የተመለስኩት ሥራ ይዤ፣ የኮንዶሚኒየም ተከራይ ሆኜ ነው። ከአባቴ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትከሻው ላይ ሲያስቀምጠኝ ሸሚዙ ጭድ ጭድ ይሸት ነበር። ፊቱን አላስታውሰውም። ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር አቤራን ስጠይቃቸው፣ "ከታች ቢነግሩሽ አይገባሽም። አንድ ቀን ፉሪ ተራራ ላይ ወጥተን አሳይሻለሁ" ይሉኛል። ነገ ዛሬ እያልን ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ ማለዳ ራሳቸው መጥተው በሬን አንኳኩ። ሸራ ጫማቸውን አድርገዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል። "ዛሬ ካልሄድን አንሄድም" አሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቂጣና ውሃ በቦርሳ ይዤ ተከተልኳቸው።

ከብሎኮቹ ጀርባ ወርደን ወንዙን ተሻገርን። ውሃው ጠቁሯል፣ ይሸታል። አቤራ ድንጋዩ ላይ ቆም ብለው "እኔና አባትሽ ዋና የተማርነው እዚህ ነው" አሉ። አፍንጫዬን ይዤ ነበር፤ ለቀቅኩት።

ከወንዙ ማዶ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባን። የደረቀው ቅጠል ያንሸራትታል፤ እኔ በአዲሱ ስኒከሬ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ ወደቅሁ፣ እሳቸው አንድም ጊዜ። "የኮንዶሚኒየም ልጅ፣ ሊፍት ይምጣልሽ?" ብለው ሳቁብኝ። የእኛ ብሎክ ሊፍት እንደሌለው ያውቃሉ።

ዛፉ ሲያልቅ ሜዳው ተከፈተ። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ያስተኛዋል። መንገዱ ማሳውን በሩቁ ይዞራል፤ እኔ ደግሞ መሀሉን መቁረጥ ጀመርኩ።

"ውጪ ከዚያ" አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"አቤራ፣ መንገዱን እኮ በግማሽ ያሳጥራል።"

"የተዘራ ላይ አይኬድም። የሰው ልፋት ነው።"

"ሳያዩኝ እንዴት አወቁ?"

"ሱሪሽ ጤፉን ሲያሸው ይሰማኛል።"

ወጣሁ። ዙሪያውን ሄድን፤ ከዚያ የሽንብራውን ማሳ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጤፍ። ከዚያ በላይ ድንጋይና እሾህ ነው፣ አልፎ አልፎ ጥድ። አቤራ እዚያ ላይ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

አናቱ ላይ ስንደርስ ከተማው ሁሉ ከታች ተዘርግቶ ታየ። "እንግዲህ ያሳዩኝ" አልኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ሰበታ በኩል ተመለከቱ።

"አቤራ፣ ጀሞ በዚህ በኩል ነው" አልኩ እየሳቅሁ።

ቀስ ብለው ዞሩ። "አይታየኝም ልጄ" አሉ። "ጥላ ጥላው ብቻ ነው። ካቻምና ነው የጀመረኝ። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ጨርሶ ሳይጠፋ ልምጣ ብዬ ነበር፤ ዘግይቻለሁ።"

መጀመሪያ በእሳቸው ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በራሴ። ስንቱን እሑድ ስልክ ስጎረጉር አሳልፌዋለሁ። የአባቴን ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቶኝ ነበር፤ እሱም አያይም። እኔ አያለሁ፤ የማየውን ግን አላውቀውም። አለቀስኩ።

"ዓይን አለሽ አይደል?" አሉ ቂጣውን እየቆረሱ። "አንቺ እዪ፣ እኔ ልንገርሽ። የመካኒሳ አቦ ዛፎች ይታዩሻል?"

ፈልጌ አገኘኋቸው።

"ከዚያ ወደ እኛ ቀጥ ብለሽ ነይ። ወንዙ እንደ ክርን የሚታጠፍበት ጋ ቁሚ። ክርኑ ላይ ሾላ አለ።"

"ሾላ የለም።"

"ቆርጠውታል። ከክርኑ በላይ ሜዳ ነበር።"

"አሁንም ሜዳ ነው" አልኩ። ሰማያዊና ነጭ ነገር ተደርድሮበታል። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። "ሚኒባሶች ናቸው። ታክሲ ተራው ነው አቤራ።"

"እሱ ነው። የአባትሽ ማሳ። ቤታችሁ ከራስጌው ነበር። ጤፉን ዘርቶ ሳያጭደው ነው የሞተው፤ ያጨድኩት እኔ ነኝ።"

በየቀኑ ሰልፍ የምይዝበት ቦታ። ለስንት ዓመት ስነጫነጭባቸው አንድ ቀን አልመለሱልኝም።

"ለዚህ ነው የሚዞሩት?"

"እግሬ እንቢ ይለኛል" አሉ።

እጃቸውን ይዤ ወረድን። ማሳዎቹን ሁሉ ዞርን፤ ታክሲ ተራውንም አብረን ዞርነው።

አሁን ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ልጃቸው ሰበታ ወስዳቸዋለች። እኔ ጠዋት ጠዋት አጥሩን ይዤ እዞራለሁ፤ ሰው ይቀድመኛል፣ ሥራም አረፍዳለሁ። መጨረሻ ላይ ግን መሀሉ መግባቴ አይቀርም፤ ታክሲው የሚጭነው እዚያ ነው። አባቴ በጣም የሚናፍቀኝ ያኔ ነው፤ ፊቱን እንኳ የማላውቀው ሰው።

እሑድ እሑድ አቤራ ይደውላሉ። ጤናዬን፣ ሥራዬን ከጠየቁ በኋላ "ጤፉ እንዴት ነው?" ይሉኛል። ቀልዳቸው ይሁን ቁም ነገራቸው ጠይቄያቸው አላውቅም።

"ደርሷል አቤራ" እላቸዋለሁ። "ዙሪያውን ነው የሄድኩት።"