የዶክተር ናዲም እናት በእንፍራንዝ አዳራሽ

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ባለፈው እሑድ ቁስቋም ካለው ቤቴ መጥቶ ስልኩን እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በየአገሩ የተበተኑ የፍልስጤም ፊልሞችን እየሰበሰበ በቤተ መዛግብቱ ያስቀምጣል። ፊልም ያለውም፣ ስለ ፊልም የሚያውቅም ይጻፍልን ይላሉ። እርስዎ ድሮ ፊልም ያሳዩ አልነበር?» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አልኩ በሆዴ። ልጁን ግን ቁጭ በል አልኩትና ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።

በወጣትነቴ እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ ኮሌጅ የፊልም ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ማለት ለወጉ ነው። ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ግንቡ ወፍራም የሆነ አንድ ክፍል፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ጥቂት የትምህርት ፊልሞችና እኔ ነበርን። ዶክተር ናዲም የሚባል ፍልስጤማዊ የኬሚስትሪ መምህር ነበረን፤ አማርኛውን ከተማሪዎቹ አፍ የለቀመ፣ ሲናገር የሚቸኩል ቀጭን ሰው። አንድ ቀን በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀመጠውን ፊልም ይዞ መጣና፣ «ይህን እዚህ አስቀምጥልኝ። እኔ የኖርኩበት ቤት ሁሉ ይቃጠላል። ይህ ተራራ ላይ ግን ማን ይደርስበታል?» አለኝ።

ፊልሙን ያነሳው ታላቅ ወንድሙ ነው። ድምፅ የለውም። መንደራቸው ዛሬ የለም፣ ወንድሙም የለም፣ ሌላ ቅጂም የለም። መጀመሪያ የድንጋይ አጥርና ሰርግ የሚሄዱ ሰዎች ይታያሉ፤ ከዚያ እናቱ ከደጃፏ ብቅ ትላለች። እጇን እያወናጨፈች ካሜራ የያዘውን ልጇን ትቆጣዋለች፣ ሳቋ ያመልጣትና በሻሿ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። ምን እያለች እንደሆነ ጠየቅሁት። «ወለሉን አሁን ነው ያጠብኩት፣ ጫማህን ሳታወልቅ እንዳትገባ ነው የምትለው» አለና እሱም እንደሷ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። አልፎ አልፎ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ እሷን ብቻ አይቶ ይሄድ ነበር።

ይህን ወሬ የሆነ ሰው ለጓድ በሪሁን አደረሰለት። ጓድ በሪሁን የአውራጃው ካድሬ ነው። በዚያ ዘመን የፍልስጤም ትግል በየስብሰባው ይወደሳል፤ በቅንነት የሚያወድሱም ብዙ ነበሩ። ካድሬው መጥቶ ፊልሙ ለሰፊው ሕዝብ መታየት አለበት አለ። ዶክተሩ የቤተሰብ ፊልም ነው ቢለው፣ «ትሕትናዎ ነው» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። እኔ ቅጂ እንደሌለው ለማስረዳት ብሞክር የኮሌጁ ዲን ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ለእንጀራው በሰው አገር ያለ ሰው ደግሞ እምቢ ቢል የት ይሄዳል?

መጀመሪያ የሚታየው እንፍራንዝ ከተማ ነው ተባለ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ከጎንደር ተነሥተን ፀዳ ከተማን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ በየአውድማው ጤፍ ይበራያል፣ የጭዱ ብናኝ ማኪናው ውስጥ ገብቶ ያስነጥሰናል። መንገድ ዳር እሸት ሽምብራ በነዶ ገዛን። ዶክተሩ እየፈለፈለ፣ በእነሱም አገር ይህንኑ በእሳት ለብለብ አድርገው እንደሚበሉት ነገረኝ። እንፍራንዝ ልንደርስ ስንል እጁን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገና «አደራ» አለኝ። ከሚያውቀው አማርኛ ሁሉ ይህን ቃል አጥርቶ ነበር የሚጠራው።

አዳራሹ መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍነው፣ ከገበያ የተሰበሰበ ሰው ሞልቶት ጠበቀን። ዶክተሩን መድረክ ላይ አስቀመጡት። ፊልሙ ሲሄድ ጓድ በሪሁን ከጎኔ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ያብራራል። እናቲቱ ብቅ ስትል «አቁመው!» አለኝ።

«ጓድ፣ ፊልሙ አምፖሉ ፊት ከቆመ ይቃጠላል።»

«አቁመው ብያለሁ!»

እንዳላቆምኩ ሲያይ ራሱ ማቆሚያውን ተጫነው። ልመልሰው እጄን ብሰድ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «እዩዋት! ልጇ የተሰዋባት እናት እንዴት እንደምታለቅስ!» ሲል ዶክተሩ መድረኩ ላይ ቀና አለ። አማርኛው ይህን ለመስማት በቂ ነበር። ወዲያው ግንባሯ ላይ ቡናማ ነጥብ ታየ፣ ሰፋ፣ እንደሚፈላ ነገር አረፋ ደፈቀና ፊቷን ዋጠው። የቀረው ነጭ ብርሃን ብቻ ነው።

ሕዝቡ ፊልም አይቶ አያውቅም። «እሳት ለቀቁባት!» አለ አንዱ። ሴቶቹ ዋይታቸውን አቀለጡት፣ ደረት የመቱም አሉ። ካድሬው አልተደናገጠም፤ «የጠላትን ሥራ አያችሁ!» ብሎ እጁን ወደ ዶክተሩ ሲዘረጋ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቡ የተቀመጡት ብብቱን ይዘው አስነሱት። ቆሞ ተጨበጨበለት።

ስንወጣ ዱላቸውን የተደገፉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መንገዱን ዘጉበት። ዓይናቸው ደም መስሏል።

«አንተ ልጅ፣ እናትህ ናት አሉኝ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ምነው ታዲያ ስትቃጠል ቁመህ ታያለህ?»

ዶክተሩ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸውና ማኪናው ውስጥ ገባ። 

ጓድ በሪሁን ግን የእንፍራንዙ ለቅሶ እጅግ ደስ አሰኝቶት ነበር። በክርክሬ ምክንያት እኔን አንሥቶ ፕሮጀክተሩን ለራሱ ሰው ሰጠው። ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲዞሩ በየአዳራሹ ፊልሙ እዚያው ሴትዮዋ ላይ እየቆመና እየተቃጠለ፣ ሕዝቡም እያለቀሰ እንደሚያጨበጭብ ሹፌሩ ነገረኝ። የተቃጠለውን እየቆረጡ የተረፈውን ይቀጥሉታል። ሲያልቅ የት እንደጣሉት የሚያውቅ አላገኘሁም። ዶክተሩ በክረምቱ መግቢያ ሊሰናበተኝ መጣ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። ስለ ፊልሙ አልጠየቀኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» አለኝ። «ጠላት አላጠፋውም፣ ወዳጅ ነው ያጠፋው ብለህ ጻፍ» አልኩት። ጠላት ቢሆን ኖሮ ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። ካድሬውንማ ረግሜዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ያላወቅሁት ያንን አዳራሽ ምን እንደማደርገው ነው። ያ ሕዝብ አላስመሰለም። የምሩን አለቀሰላት፤ የምሩን ባያለቅስላት ኖሮ ካድሬው በየአዳራሹ እየዞረ ደጋግሞ ባላቃጠላት ነበር።