ማዛትላን የቀረው የሰብለ ጫማ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊያ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ወዳለው አፓርታማዬ መጥታ ላፕቶፗን ከቁርስ ሳህኖቹ መሃል ዘረጋችና ስልሳኛ ዓመቴን በመርከብ ሽርሽር እንደምናከብረው ነገረችኝ። ስልሳ ልሞላ ገና ስድስት ወር ይቀረኛል። እሷ ግን ነገርን ቀድማ ቡክ ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ በዚህ አባቷን ትመስላለች። ነጩን መርከብ አሳየችኝ፣ መዋኛውን አሳየችኝ፣ የምግብ አዳራሹን ሳይቀር አሳየችኝ። ከዚያ መርከቡ የሚቆምባቸውን ከተሞች ስትዘረዝር ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«ማዛትላን፣ ሜክሲኮ» አለች። «ኢትስ ሂስቶሪክ፣ ማሚ። ሲክስ አወርስ አለን፤ ሁሉንም ዎክ እናደርገዋለን።»

ወዲያው ሳን ሆዜ ለምትኖረው ለአጎቴ ልጅ ለሰብለ ደወለችላት፤ እሷም አብራን እንድትሄድ ትፈልጋለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሰብለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። የከተማውን ስም ስትሰማ ለመልስ አልዘገየችም።

«እናትሽን እግሯ ላይ ያለውን ጫማ ሳይቀር የዘረፏት እዚያ አይደል እንዴ? በይ ካንስል አድርጊው።»

ሰብለ ይህን ታሪክ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ስታወራው ኖራለች። ጫማው የራሷ ስለነበር የማውራት መብት አላት። ያወራችውም እኔ እንደነገርኳት ነው፤ ስህተቱ ከእሷ አይደለም። እኔ የነገርኳት ግን ውሸት ነበር።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፤ የምኖረውም ከሰብለ ጋር፣ አንድ መኝታ ክፍል ባላት የሳን ሆዜ አፓርታማ ነበር። ሰብለ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቀን ነርሲንግ ትማራለች፣ ማታ ሆቴል ትሠራለች፣ እሁድ መዘምራን ጋር ትቆማለች። ጌታን የተቀበለችው ካርቱም ሳለች ነው፤ እኔንም በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ይዛኝ ሄደች። ጉባኤው የሚሰበሰበው የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይቶ ነበር። ወደድኩት። ሰው ያገኘሁት፣ በስሜ የሚጠራኝ ያገኘሁት እዚያ ነው። ከዓመት በኋላ ስጠመቅ ሰብለ ከእኔ በላይ አለቀሰች።

ሥራዬ ከሳን ሆዜ አጠገብ፣ ካምቤል ውስጥ ሚስስ ኮልማን የሚባሉ አሮጊት መጠበቅ ነበር። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሴት ናቸው። የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃላቸው ያውቃሉ፤ በዓይናቸው ያዩት ግን ጥቂቱን ነው። ጉልበታቸው እምቢ ማለት ሲጀምር ልጆቻቸው በየካቲት ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ መርከብ ሊልኳቸው ወሰኑ። የሚደግፋቸው ሰው ያስፈልጋልና እኔም እንደ ሻንጣ ተጨመርኩ።

የነበረኝ ጫማ የሥራ ስኒከርና አንድ የክረምት ቡት ብቻ ነው። ሰብለ ቡቱን ስታይ ሳቀች። ከዚያ ቁም ሳጥኗን ከፍታ ለምረቃዋ የገዛችውን ጫማ አወጣች። ክሬም ቀለም ያለው ቆዳ፣ ተረከዙ ሁለት ጣት የሚያህል፣ ከጎኑ ትንሽ የነሐስ ዘለበት ያለው። እሷ ራሷ ከቤት ውጭ አልተጫማችውም፤ አንዳንድ ማታ ምንጣፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትልበት አያት ነበር። ምረቃዋ አንድ ወር ይቀረዋል። በእኛ ቤት መዋዋስ ብርቅ አልነበረም፤ ቀሚስ፣ ቦርሳ፣ ሹራብ የማን እንደሆነ እስኪጠፋን ድረስ እንለዋወጥ ነበር። ይህን ግን በመጣበት ወረቀት መልሳ ጠቅልላ ስትሰጠኝ ፊቷ ጠነከረ። «አደራ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ አላስፈለጋትምም።

ማዛትላን ጠዋት ደረስን። ሳን ሆዜን ስንለቅ ዝናብ ነበር፤ እዚህ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይጋረፋል። ሚስስ ኮልማን ከመርከቡ መውረድ እንደማይችሉ ገባቸው፤ ደረጃውን አይተው ወንበር ፈለጉ። ምሳቸውን ካበላኋቸው በኋላ ከጥላው ሥር ተቀምጠው እጄን ያዙ። «ሂጂና እዪልኝ» አሉኝ። «ስትመለሺ ሁሉንም ትነግሪኛለሽ፣ የግድግዳውን ቀለም ሳይቀር።» መርከቡ የሚነሳው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት መመለስ አለብኝ።

ለእግር ጉዞ ስኒከር እንደሚሻል አልጠፋኝም። ግን ሃያ አምስት ዓመት ነው ዕድሜዬ፣ የማላውቀው ከተማ ነው፣ ማንም በማያውቀኝ አገር እንኳ ሰው ምን ይለኛል ብዬ የሰብለን ጫማ አደረግሁ።

የመጀመሪያዋን ሰዓት ተኩል የሄድኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። የአሮጌው ከተማ መንገድ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ተረከዜ ከድንጋዩ ስንጥቅ እንዳይገባ እጠነቀቃለሁ። ሴቶቹ ደጃፋቸውን በባልዲ ውሃ እያጠቡ ወደ መንገዱ ይለቁታል፤ እዘላለሁ። አንድ ሰውዬ የኮኮናት ቁራጭ ላይ ሎሚ ጨምቆ ሚጥሚጣ የመሰለ ነገር ነስንሶ ሲሰጠኝ፣ የሚያሳስበኝ አፌ መቃጠሉ ሳይሆን ጠብታው ቆዳው ላይ ማረፉ ነበር። ሚስስ ኮልማን ስለ ግድግዳዎቹ ቢጠይቁኝ የምነግራቸው አልነበረኝም። መሬቱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ።

እንዲህ ስል ሁለት ቢጫ ማማ ካለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደረስኩ። ደረጃው ላይ በግምት የዛሬ የእኔ ዕድሜ የሚሆናት ሴት ተቀምጣለች። ፊቷ የተዘረጋ ጨርቅ ላይ ጥቂት ሳንቲም አለ፤ የላስቲክ ነጠላ ጫማዋ ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ታስሯል። እናቴ በልጅነቴ እጄን ይዛ ከምትወስደኝ ደብር ደጅ የተቀመጡትን ሰዎች አስታወሰችኝ፤ በልቤ ሰላም አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። በሰብለ ጉባኤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ እዚያ ሰው ከነጫማው ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ሆኖም ከዚያ ደፍ ስደርስ እጄ ወደ ዘለበቱ ሄደ። ጫማውን አውልቄ አቧራ እንዳይነካው ከሴትዮዋ ጎን፣ ጨርቋ ዳር ላይ አጣምሬ አስቀመጥኩት። ዓይኗን አየሁና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ አልኩላት። በእኔ ቤት እዪልኝ ማለቴ ነበር። እሷም አፏን ከፈት አድርጋ አየችኝና መልሳ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ተግባባን ብዬ ደፉን ተሳልሜ ገባሁ።

ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማውን እንዳደረገ ነው። አንዱማ ባርኔጣውን ይዞ በትልቅ ቡት ይንጎራደዳል። ይህን ሳይ ስህተቴ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ አልገባኝም። የወለሉ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ከእግሬ እየተነሳ ሲመጣ የእናቴ ነጠላ ጫፍ፣ የጠዋቱ ጭጋግ፣ ሁሉም መጣብኝ። አለቀስኩ ብል ይጋነናል፤ ግን ናፍቆኝ ነበር፤ መናፈቄንም እስከዚያች ሰዓት አላወቅሁም። ከታሰበው በላይ ቆየሁ።

ስወጣ ጫማው ሴትዮዋ እግር ላይ ነው።

እግሯን ዘርግታ ዘለበቱን ታየዋለች። እኔን ስታይ ተነስታ ሁለቱንም እጄን ያዘች፣ ሳመችው። የምትለውን ባልሰማውም ምርቃት መሆኑ የሚጠፋ አይደለም። በጣቴ ጫማውን አሳየኋት፤ ልክሽ ነው ወይ ብዬ የጠየቅኋት መስሏት አንድ እግሯን አንስታ ወዲያ ወዲህ አዞረችልኝ። እንደተለካላት ነው የሆነው። ከዚያ ባዶ እግሬን አየችና ፈገግታዋ ቀነሰ፤ ጎንበስ ብላ በሲባጎ የታሰረውን የራሷን ነጠላ ጫማ አንስታ ወደ እኔ ገፋችው።

አደራ ያለችኝ ሰብለ ፊቴ ላይ ተደቀነች። ጎንበስ ብዬ ዘለበቱን መፍታት እችል ነበር፤ ሴትዮዋም አትታገለኝም። ግን ራሴ ነኝ ጨርቋ ላይ ያስቀመጥኩት፣ ራሴ ነኝ እጅ የነሳሁት። አቃተኝ። ነጠላ ጫማዋን መለስኩላት፤ ያንን መቀበል ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። በአውራ ጣቷ ግንባሬ ላይ መስቀል አማተበችልኝና ተለያየን።

ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። ወደ ወደቡ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለልኩ ሄድኩ፤ ድንጋዩ ይፋጃል። የሚገርመው ነገር ከተማውን ያየሁት ያኔ ነው። የምጠብቀው ነገር ስላልነበረኝ ቀና ብዬ ሄድኩ። የበሰለ ብርቱካን የመሰለ ግድግዳ፣ ከአጠገቡ ሰማያዊ፣ የብረት ፍርግርግ ያላቸው ረጃጅም መስኮቶች፣ ጣሪያው የተናደ ቤት ውስጥ የበቀለ ትልቅ ዛፍ። የታጠበ ደጃፍ ሳገኝ ውሃው ውስጥ ቆሜ እግሬን አበርዳለሁ። አንዲት ሴት ይህን አይታ በባልዲዋ የቀረውን ቀስ አድርጋ እግሬ ላይ አፈሰሰችልኝና ሳቀች። መርከቡ የደረስኩት ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው።

ለሚስስ ኮልማን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግድግዳውን፣ ዛፉን፣ ጫማውን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ለሰብለ ምን እንደምላት ጠየቁኝ። እውነቱን ነዋ፣ አልኳቸው። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ሳን ሆዜ ሰብለ በሩን ስትከፍትልኝ ግን የእሁድ ዝማሬዋን እየተለማመደች ነበር። ጫማ አውልቄ የቤተ ክርስቲያን ደፍ መሳለሜን ብነግራት፣ ስጠመቅ ያለቀሰችውን እንባ የምመልስባት መሰለኝ። «ዘረፉኝ» አልኩ። አቅፋኝ ስለ ጫማው ሳይሆን ስለ እኔ ጠየቀች። በኋላ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ቆየች። የተመረቀችው በጥቁሩ የሆቴል ሥራ ጫማዋ ነው።

እሁዱን ምስክርነት ሰጠች። ጌታ እህቴን ከሌባ እጅ አወጣት አለች፤ አዳራሹ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ሌባው ጩቤ ነበረው፤ በአምስተኛው ሁለት ሆኑ። እየሰማሁ አላረምኩም።

ቅዳሜ ዕለት የሰብለ ድምፅ ጠረጴዛዬ ላይ ስለ ሌቦቹ ለሊያ ሲተርክ ቡናዬ ቀዝቅዞ ነበር። «ሰብሊ» አልኩ። «ማንም አልዘረፈኝም።» ከዚያ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ ሊያ መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ጎንበስ ብላ አየች።

«ልኳ ነበር?» አለች ሰብለ።

«ልኳ ነበር።»

«የከፋኝ ለጫማው አይደለም» አለች። «ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ስም አስጠፋሽኝ እኮ።»

ይህን ብላ ዘጋችው። ሊያ ሳህኖቹን አነሳች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳትታዘዝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስልኳ ላይ ከሰብለ ቴክስት መጣ፤ ቡክ አድርጊ፣ እኔም አለሁበት ይላል።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሐይቁን ስዞር ስለዚያች ሴት አስባለሁ። ብትኖር ዘጠና አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ሳትሞት አልቀረችም። ሰብለ ደረጃውን ማየት ትፈልጋለች፤ አሳያታለሁ። ሴትዮዋ ያላትን ነጠላ ጫማ ሰጥታ ግንባሬ ላይ አማትባ ነው የሸኘችኝ። እኔ ደግሞ በሳምንቱ ሳን ሆዜ ቆሜ ሌባ ስትባል አሜን አልኩ።